ኦቲዝም ያለበትን ሕፃን ቤት ማስተማር፦ ተረቱና እውነታው

በሰሜን ኬንያ ካለችው ከዳበል ተነስቶ ስለ ኦቲዝም ጠለቅ ያለ ምክር የሚፈልግ ወላጅ በፊቱ ሁለት ረጅም መንገዶች አሉ። አንዱ በሞያሌ ድንበር ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል፤ ሌላው በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ ናይሮቢ ይወርዳል። ሁለቱም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ናቸው። የአራት ዓመት ልጁ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ ከእኩዮቹ ይልቅ የጀሪካን ክዳን ማሽከርከር የሚወድ፣ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ የሚጮህ ቢሆን፣ ያ ወላጅ የመንገዱን ወጪ እስኪያጠራቅም የልጁ ዕድሜ ቆሞ አይጠብቀውም። ትምህርቱ ከቤት መጀመር አለበት፤ ሊጀመርም ይችላል።

የሚያስቸግረው በጉዳዩ ላይ የሚወራው ነገር ነው። ከፊሉ ከጎረቤት ይመጣል፣ ከፊሉ ከስልክ ቪዲዮ፣ ከፊሉም ከተማረ ሰው አፍ። ወላጁ ገና ሳይጀምር እጁን እንዲያጥፍ የሚያደርጉትን እንይ።

«እርግማን ነው፣ ልክፍት ነው፤ ካልሆነም የእናቱ ጥፋት ነው»

ይህን የማስቀድመው ሌላውን ሁሉ የሚያበላሸው እሱ ስለሆነ ነው። ልጄ የተቀጣሁበት ነው ብላ የምታምን እናት አጠገቡ ስትቀመጥ የምታለቅስ እንጂ የምታስተምር አትሆንም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት ክሊኒኮች የሚከታተሉ የእድገት ችግር ያለባቸው ልጆች 102 አሳዳጊዎች ተጠይቀው ነበር። ከመካከላቸው ምክንያቱን ከክፉ መንፈስና ከኃጢአት ጋር የሚያያይዙ ነበሩ፤ የሚያፍሩና የልጁን ነገር ከሰው የሚሰውሩም ጥቂት አልነበሩም። ምን ጎደላችሁ ሲባሉ ግን ከአራቱ ሦስት ያህሉ ያነሱት የልጁን ትምህርት ነው። ከሕክምናም ከገንዘብም በላይ ትምህርት።

እናትን መውቀስ የእኛ አካባቢ ብቻ ልማድ አይደለም። ሊዮ ካነር የሚባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ካስተዋወቀ በኋላ፣ በአሜሪካ ለረጅም ዓመታት ጥፋቱ «የእናቶች ልብ መቀዝቀዝ» ላይ ተላክኮ ቆይቷል። ያንን ሐሳብ በመጽሐፍ ከተከራከሩት ቀዳሚዎች አንዱ በርናርድ ሪምላንድ ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባትም ነበር። ዛሬ ክርክሩ ተዘግቷል። በአምስት አገሮች ከ2 ሚሊዮን በላይ ልጆችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ለኦቲዝም መከሰት 80 በመቶ ያህሉን ድርሻ የያዘው በዘር የሚወረስ ነገር መሆኑን አሳይቷል። ልጁ ከማሕፀን ጀምሮ አእምሮው በሌላ መንገድ ያድጋል። እናቱ በእርግዝናዋ ወራት መበሳጨቷ፣ ወይም አንድ ሰው በክፉ ዓይን ማየቱ አላመጣውም።

ክትባትም አላመጣውም። ያ ወሬ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1998 በ12 ልጆች ላይ ብቻ ተሠራ ከተባለ ጽሑፍ ነው፤ ያተመው መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል። በ2019 ዴንማርክ ውስጥ 657,461 ልጆች ተጠንተው የኩፍኝ ክትባት ኦቲዝምን እንደማያመጣ ታይቷል። ስልክም አያመጣውም። ስልክ ሲያይ የሚውል ልጅ የሚያጣው ከሰው ጋር የሚያወራበትን ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ይቀነስለት፣ ግን እናቱ በእሱ ራሷን አትክሰስ።

መጸለይ፣ ጸበል ማስጠመቅ፣ ቁርኣን ማስቀራት የቤተሰቡ እምነት ነው፤ ከትምህርቱ ጋር አይጣላም። የሚጣላው ልጁን ማሰር፣ ማስራብ፣ ገላውን በጋለ ብረት መተኮስ ነው። የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌላው ይልቅ ይበዛልና፣ ያ በሽታ ያለበትን ልጅ መድኃኒቱን ማስጣልም ሕይወቱን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ኦቲዝምን ያድናል ተብሎ በኢንተርኔት የሚሸጠው «ተአምረኛ» ጠብታ ደግሞ ልብስ የሚያነጣ ኬሚካል ነውና ወደ ቤት አይግባ።

«ወንድ ልጅ አፉ ይዘገያል፤ ይጠበቅ»

እውነት ነው፣ ዘግይተው አፋቸውን የሚፈቱ ልጆች አሉ። ግን መጠበቅ ያለበት ሥራው ተጀምሮ ነው። አንድ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በዓመት ከመንፈቁ በጣቱ ወደሚፈልገው ነገር የማይጠቁም፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል የማያገናኝ፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ ያወቃቸው ቃላት የጠፉበት ልጅ ይመርመር። አስቀድሞ ጆሮው ይታይ፤ የማይሰማ ልጅ ኦቲዝም ያለበት መስሎ ዓመታት ሊያልፉበት ይችላሉ። ምርመራው ቢዘገይ እንኳን ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ኦቲዝም የሌለበትን ልጅ አይጎዳም፤ ስለዚህ ወረቀት እስኪመጣ አትጠብቁ።

«ወላጅ መምህር አይደለም»

በኢትዮጵያ የኦቲዝም ትምህርት የተጀመረው በወላጅ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው አዲስ አበባ ላይ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ ከፍተው ሲሠሩ የነበሩ እናት ናቸው። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚይዝላቸው ትምህርት ቤት ሲያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአራት ልጆች የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ጀመሩ። አቡጊዳ ፎነቲክስ ያሉትን የንግግር ማስተማሪያ ዘዴም ነደፉ፤ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን በአንድ ቅርጽ አንድ ላይ መያዙ ለእነዚህ ልጆች እንዲጠቅም አስበው ነው። እስካረፉበት እስከ 2021 ድረስ በየመድረኩ ቆመው ልጆቻችሁን ከቤት አውጡ ሲሉ ኖረዋል። ከዓመታት በኋላ የተከፈተው የነህምያ ኦቲዝም ማዕከልም ከወላጆች ጭንቀት የተወለደ ነው። ከእነዚህ ሰዎች የምወስደው ነገር ማዕከል ከፈቱ የሚለውን አይደለም፤ ልጃቸውን በማየት መጀመራቸውን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትም ያመነው ይህንኑ ነው። ከ2 እስከ 9 ዓመት ያሉ የእድገት መዘግየት ያለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች የሚሠለጥኑበትን መርሐ ግብር ያዘጋጀው ባለሙያ በማይበዛባቸው አገሮች እንዲሠራ ብሎ ነው። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው፤ በኢትዮጵያ በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል፤ ጽሑፎቹ ከ2022 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ናቸው። የሚያስተምረው ከልጁ ጋር መጫወትን፣ የቤት ሥራን አብሮ መሥራትን፣ መግባባትን፣ አስቸጋሪ ጠባይን መያዝን፣ የአሳዳጊውን የራሱን ጤና መጠበቅን ነው። ለዚህ የመምህርነት ዲፕሎማ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ልጁን የሚያውቅ ሰው ነው። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ሥራው በእናት ትከሻ ላይ ብቻ ሲወድቅ በጥቂት ወራት ይቆማል። አባት፣ አያት፣ ታላቅ እህት በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት ይያዙ።

«ማስተማር ማለት ቁጭ አድርጎ ፊደል ማስቆጠር ነው»

ቤት ማስተማር ሲባል ብዙ ሰው ጥቁር ሰሌዳ ገዝቶ፣ ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ «ሀ በል» ይላል። ልጁ ይነሣል፣ ይመለሳል፣ ይጮኻል፤ በሦስተኛው ቀን ሰሌዳው ከቁም ሳጥን ጀርባ ይገባል። ወላጁም «አይገባውም» ብሎ ይደመድማል። ልጁ ሳይሆን ጅምሩ ነው የተሳሳተው። መጀመሪያ መምጣት ያለበት የሚፈልገውን ለሰው ማሳወቅ መቻሉ ነው።

ሻይ ሲፈልግ ምን እንደሚያደርግ እንይ። የእናቱን እጅ ጎትቶ ፔርሙሱ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ፊቷን ግን አያይም። ብዙ እናት የልጇን ፍላጎት አውቃ ቶሎ ትቀዳለታለች። ትምህርቱ ያለው እዚያው ላይ ነው። በርከክ ትበልና ፊቷ ከፊቱ ትይዩ ይሁን። የበረደ ሻይ የያዘውን ኩባያ በአገጯ አጠገብ ታንሣ። «ሻይ» ትበል፤ አንዲት ቃል ብቻ፣ «ሻይ ትፈልጋለህ ወይ የኔ ጌታ፣ ልቅዳልህ?» አይባልም። ከዚያ ዝም ትበልና በልቧ እስከ አሥር ትቁጠር። ይህ ዝምታ ለወላጅ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ልጁ ግን የሰማውን ለማብላላት ያ ጊዜ ያስፈልገዋል። ዓይኑን ቢያነሣ፣ ድምፅ ቢያሰማ፣ እጁን ወደ ኩባያው ቢዘረጋ ጠየቀ ማለት ነው። «ሻይ!» ብላ ወዲያው ትስጠው። የምትቀዳለት ግን ሁለት ጉንጭ ያህል ይሁን፤ እንዲጨመርለት ደግሞ ይጠይቃት። ይህ በቁርስ፣ በር ሲከፈት፣ ኳስ ሲወረወር፣ ውሃ ሲፈስስ ሲደጋገም ልጁ ሳይቀመጥ ቀኑን ሙሉ ሲማር ይውላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቀኑ ቅደም ተከተል ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚረበሸው ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ስለማያውቅ ነው። ፎቶ ማተም የማይችል ቤት ዕቃ ይጠቀም፦ ማንኪያ ለምግብ፣ የጀሪካን ክዳን ለገላ መታጠብ፣ የእናት ሻሽ ከቤት ለመውጣት። ከእያንዳንዱ ነገር በፊት ዕቃው ይታየው፣ በእጁም ይያዘው፤ ሲያልቅ ካርቶን ውስጥ ይግባ። በሳምንታት ውስጥ ሻሹን ሲያይ ጫማውን የሚፈልግ ልጅ ታገኛላችሁ። ደግሞ አንዳንዱ ሻሹን እራሱ ያመጣዋል፤ ያኔ እንውጣ ብሎ ተናገረ ማለት ነው።

ልብስ መልበስን ከመጨረሻው ጀምሩ። ሱሪውን እስከ ዳሌው አውጡለትና የመጨረሻዋን መሳብ ለእሱ ተዉለት። ሲለምደው ከጭኑ፣ ቀጥሎ ከጉልበቱ፣ በኋላም ከቁርጭምጭሚቱ። እንዲህ ሲሆን ልጁ ሁልጊዜ ሥራውን ጨርሶ ነው የሚመሰገነው፤ ከመጀመሪያው ብታስጀምሩት ግን መሀል ላይ ተሰላችቶ ይጥለዋል። እጅ መታጠብም፣ ሽንት ቤት መሄድም፣ ካልሲ ማጥለቅም በዚሁ ይሄዳሉ።

«ይኼ ታዲያ ትምህርት ነው?» የሚል ካለ የኬንያን ሥርዓተ ትምህርት ይመልከት። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አዲሱ ሥርዓት፣ ከበድ ያለ ድጋፍ የሚሹ ልጆች በዕድሜ ሳይሆን በደረሱበት ደረጃ የሚማሩበት የራሱ መንገድ አለ። በመነሻው ደረጃ ላይ የዕለት ተዕለት ኑሮ ክህሎት፣ መግባባት፣ የስሜት ሕዋሳትና የእንቅስቃሴ ቅንጅት፣ ቅድመ ቁጥር እንደ ትምህርት ዓይነት ተዘርዝረዋል። ናይሮቢ ያለ ባለሙያ በሰነድ ያስቀመጠውን ዳበል ያለች እናት ጓሮዋ ውስጥ እየሠራችው ነው።

በትንሽ ጠረጴዛ የሚሠራ ነገር ካለ፣ እንደ ቀለም መለየትና ቅርጽ ማስገባት ያለ፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል። በቀን ጥቂት ጊዜ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ሳይግል ማለዳ ላይ። ፊደል ራሱ የሚማርከው ልጅም አለ፤ ሳይናገር ጽሑፍ የሚለይ አለ። እንዲህ ያለውን አትከልክሉት፤ የወደደውን መንገድ ተከትላችሁ ግቡ።

«ሥዕል ካሳየነው መናገሩን ይተወዋል፤ ቋንቋም በዛበት»

ሁለቱም ፍርሃቶች ከፍቅር የመጡ ናቸው፣ ሁለቱም ግን ስህተት ናቸው። ሥዕል አንስቶ መስጠት ወይም በእጅ ምልክት መጠቀም ንግግርን እንደማያስቀር ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ አንዳንዱን ልጅ እንዲያውም ወደ ንግግር ይገፋዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት ንግግራቸው እጅግ የዘገየባቸው 535 ልጆችን ተመልክቶ ነበር፤ 70 በመቶዎቹ አራት ዓመት ሲሞላቸው ወይም ከዚያ በኋላ ቃላት አገናኝተው መናገር ችለዋል። የቀሩትስ? ለእነሱም ሥዕሉና ምልክቱ አፋቸው ነው። ልጁ እስኪናገር ድረስ መግባቢያ መንፈግ ግፍ ነው።

ቋንቋን በተመለከተ ይህ አካባቢ የራሱ ጉዳይ አለው። ቤት ውስጥ ቦረንኛ ወይም ቡርጂኛ ወይም አማርኛ፣ ገበያ ላይ ሶማሊኛ፣ ትምህርት ቤት ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ይነገራል። ባለሙያ የሚባሉ ሰዎች ሳይቀሩ «በአንድ ቋንቋ ብቻ አናግሩት፣ እንግሊዝኛ ይሻላል» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ካናዳ ውስጥ በሁለት ቋንቋ የሚያድጉና በአንድ ቋንቋ የሚያድጉ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ተነጻጽረው፣ ሁለት ቋንቋ ተጨማሪ መዘግየት እንዳላመጣባቸው ታይቷል። አያቱ በአማርኛ ተረት የምትነግረው ልጅ አማርኛውን ቢቀማ፣ የሚቀማው ቋንቋ ብቻ ሳይሆን አያቱም ናት። ልባችሁ በሚናገርበት ቋንቋ አናግሩት። ለጅምሩ የሚጠቅመው፣ ለአንድ ነገር ሁሉም የቤቱ ሰው ያንኑ አንድ ቃል መጠቀሙ ነው።

«ባለጌ ነው፤ ዱላ ነው የሚያስፈልገው»

ልጁ ገበያ መሀል መሬት ላይ ወድቆ ሲጮህ ሰው የሚያየው ጩኸቱን ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን አያይም፦ የከባድ መኪናው ጡሩምባ፣ የፍየሉ ጩኸት፣ አንገቱን የሚበላው የልብሱ ምልክት፣ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ጉንጩን መንካቱ። ዱላ በዚህ ላይ አንድ ሕመም ይጨምራል እንጂ ምንም አያስተምርም። በደብተር ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ከመጮሁ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ከዚያ በኋላ ምን አገኘ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ብቅ ይላል። ድምፅ ከሆነ ወደ ገበያው ጸጥ ባለ ሰዓት ውሰዱት። ጥያቄ ከሆነ የሚጠይቅበትን ሥዕል ወይም ምልክት ስጡት። ድንገት የጀመረው ከሆነ ደግሞ ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ ሆዱን አስመርምሩ፤ የማይናገር ልጅ ሕመሙን የሚነግረው እንዲህ ነው።

እንጀራ የማይበላ ልጅም እንደዚሁ ነው። ኮምጣጣነቱ ወይም ልስላሴው አልጥም ብሎት ይሆናል፤ በጉልበት አታጉርሱት። ከሚወደው ቻፓቲ አጠገብ ቁራጭ እንጀራ ትቀመጥ፤ መጀመሪያ ያያታል፣ በሌላ ቀን ይነካታል፣ በሌላ ቀን ያሸታታል።

«ቤት ከተማረ ይበቃዋል፤ ከሰው ዓይንም ይድናል»

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ልጅን ቤት ማስተማርና ልጅን ቤት መደበቅ በውጭ ለሚያይ አንድ ይመስላሉ፤ በሁለቱም ልጁ ትምህርት ቤት አልሄደም። የሚማረው ልጅ ግን ጎረቤት ያውቀዋል፣ ሱቅ ይሄዳል፣ ሠርግ ላይ ለግማሽ ሰዓትም ቢሆን ይገኛል፣ ከአንድ የአጎት ልጅ ጋር በሳምንት ሁለት ቀን ውሃ ይራጫል። ከአንድ ልጅ ጋር፣ በሚወደው ጨዋታ፣ ለአጭር ጊዜ፤ ከዚያ ይሰፋል። በሩ የተቆለፈበት ልጅ ያወቀውንም ይረሳል።

ደኅንነቱም ቢሆን በቁልፍ አይጠበቅም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ኦቲዝም ካለባቸውና አራት ዓመት ከሞላቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ከአሳዳጊያቸው ተነጥለው የመሄድ ሙከራ እንዳደረጉ አሳይቷል። ዳበል አካባቢ ይህ ተራ ስጋት አይደለም። በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ሂሎ በሚባለው የወርቅ ማውጫ ላይ ጉድጓድ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል። ቁፋሮ ባለበት፣ ኩሬ ባለበት፣ ከባድ መኪና በሚያልፍበት መንደር ልጁን የሚጠብቀው የጎረቤት ዓይን ነው። ልጁን የማያውቅ ጎረቤት ደግሞ ብቻውን ሲሄድ ቢያየው ምንም አይመስለውም። በየቤቱ እየወሰዳችሁ አስተዋውቁት፤ ስሙ ሲጠራ ላይዞር እንደሚችል፣ ሲይዙት እንዳይጎትቱት ንገሩ። «ቁም» የሚለውን በጨዋታ አስተምሩት፤ እየሮጣችሁ ድንገት መቆም፣ ከዚያ መሸለም።

ሕጉንም አትርሱ። የኬንያ የመሠረታዊ ትምህርት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2013 ወላጅ ልጁን ትምህርት ቤት እንዲያስገባ ግዴታ ጥሎበታል። ስለዚህ ቤት የጀመራችሁትን ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሰውራችሁ አትሥሩት። አገሪቱ ከ1984 ጀምሮ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች የሚመዝኑ ማዕከላት አሏት፤ ሰዎች በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኢ.ኤ.አር.ሲ. ይሏቸዋል። የንዑስ ካውንቲው ትምህርት ቢሮ ወዳለበት ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ልጁ ይመዘን፣ ውጤቱ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። በመንግሥት ሆስፒታል ምርመራም በአካል ጉዳተኞች ብሔራዊ ምክር ቤት ማስመዝገብ ይቻላል። ከድንበሩ ወዲያ በኢትዮጵያ ለሚኖሩ ዘመዶቻችሁ፣ በአንዳንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የአካቶ ትምህርት የድጋፍ ማዕከላት አሉና በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

ልጁ ለትምህርት ቤት ሲደርስ፣ መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት፣ ለተወሰኑ ቀናት ይሂድ። መምህሩ በእጁ አንድ ገጽ ይያዝ፤ መምህሩ በሚያነብበው ቋንቋ የተጻፈ። በላዩ ላይ የሚወደው ነገር ይቅደም፦ ውሃ፣ የሚሽከረከር ነገር፣ መዝሙር። ቀጥሎ የሚፈልገውን እንዴት እንደሚጠይቅ፣ ሽንቱ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን ድምፅ እንደሚያስፈራው፣ ሲረበሽ ምን እንደሚያረጋጋው፣ የማይበላው ምግብ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ ከግቢ ሊወጣ እንደሚችል። ከግርጌው የሁለት ሰው ስልክ ይጻፍ፤ አንደኛው ባይነሣ ሌላኛው እንዲነሣ።